ከሁለት ምሰሶ አንዱን የመረጠው ሽማግሌ፦ የዊልፈርድ ዉድረፍ ሕይወት

በውጭ አገር ኮሌጅ የተማረ ሰው ሁለት ሁለት ሆነው የሚዞሩትን፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ክራቫት ያሰሩትን፣ ደረታቸው ላይ ጥቁር የስም ምልክት የለጠፉትን ወጣቶች ሳያይ አይቀርም። የሞርሞን ሚሲዮናውያን ናቸው። ስማቸው ሲነሳ ከመካከላችን አንዱ ቶሎ ብሎ የሚጠይቀው ጥያቄም ይታወቃል፦ እነዚህ ሰዎች ብዙ ሚስት ያገባሉ ይባላል፣ እውነት ነው?

መልሱ አጭር ነው። ዛሬ አያገቡም። ከአንድ በላይ ያገባ አባል ከቤተ ክርስቲያኑ ይወገዳል። ድሮ ግን ያገቡ ነበር። ያውም ስለተፈቀደላቸው ብቻ አልነበረም፤ ከሰማይ የወረደ ትእዛዝ ነው ብለው አምነው፣ ለእሱም ሲሉ ቤታቸውንና ነጻነታቸውን እያጡ ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ እምነት፣ የእግዚአብሔር ቃል ነው ያለውን ነገር እንዴት ሊተው ቻለ? ከተወስ በኋላ ያው እምነት ነው ሊባል ይችላል? በዚህ እትም የምንተርከው ይህን ጥያቄ በሰማንያ ሦስት ዓመቱ ለመመለስ የተገደደውን ሰው ሕይወት ነው። ስሙ ዊልፈርድ ዉድረፍ ይባላል። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የወፍጮ ቤት ልጅ

ዉድረፍ መጋቢት 1 ቀን 1807 በኮኔቲከት፣ ፋርሚንግተን በተባለ አካባቢ ተወለደ። አባቱ የወፍጮ ባለሙያ ነበር። እናቱን ገና ዳዴ በሚልበት ዕድሜ በሞት አጣና በእንጀራ እናት እጅ አደገ። ልጅነቱ አደጋ የማያጣው ነበር። በሦስት ዓመቱ የፈላ ውሃ ውስጥ ወድቆ ብዙ ተሠቃይቷል፤ ከዚያም ከከፍታ ወድቋል፣ አጥንቱ ተሰብሯል፣ ውሻ ነክሶታል፣ ውሃ ሊወስደው ነበር። ካደገ በኋላ እነዚህን አደጋዎች አንድ በአንድ ዘርዝሮ ጽፏቸዋል። ከዚያ ሁሉ የተረፈው እግዚአብሔር ለአንድ ሥራ ስለፈለገው እንደሆነ ያምን ነበር።

እሱም እንደ አባቱ ወፍጮ ላይ ሠራ። ሃያዎቹን ግማሽ እስኪያልፍ ድረስ በየትኛውም ቤተ ክርስቲያን አልተጠመቀም። በዘመኑ የነበሩት ቤተ እምነቶች በመጽሐፍ ቅዱስ ያነበበውን የሐዋርያት ዘመን የሚመስሉ ሆነው አልታዩትም። በ1833 መጨረሻ፣ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ከወንድሙ ጋር እያረሰ ሳለ፣ ሁለት የሞርሞን ሰባኪዎች ወደ ሰፈሩ መጡ። ስብከታቸውን ሰማ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ታኅሣሥ 31 ቀን በበረዶ መካከል፣ ውርጭ በሆነ ውሃ ተጠመቀ። እምነቱ ከተመሠረተ ገና አራት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር።

መሥራቹ ጆሴፍ ስሚዝ ነው። ስሚዝ መልአክ ተገልጦልኝ ጥንታዊ የወርቅ ሰሌዳዎች ሰጠኝ፣ እነሱንም ተርጉሜ መጽሐፈ ሞርሞንን አወጣሁ ይል ነበር። የእምነቱ ዋና ነገር ግን ከመጽሐፉም ይልቅ አንድ አሳብ ነው፦ እግዚአብሔር ዛሬም ይናገራል፣ ነቢያትም ዛሬም አሉ። ይህ አሳብ በኋላ በዉድረፍ ሕይወት ውስጥ መቆለፊያም ቁልፍም ሆኖ እናገኘዋለን።

መንገደኛው ሐዋርያ

ዉድረፍ ከጥምቀቱ በኋላ ብዙ አረፍ ያለ ሰው አይደለም። በአርካንሶ፣ በቴነሲና በኬንታኪ ረግረጉን በእግሩ እያቋረጠ ሰበከ። በ1837 ፊቢ ካርተር የተባለች የሜይን ልጅ አገባ። በ1839 ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት አንዱ ሆኖ ተሾመ። ወዲያውም ሚስቱንና ልጁን ትቶ ወደ እንግሊዝ ተላከ። በ1840 በሄርፎርድሺር ገጠር አንድ ባለጠጋ ገበሬ በሩን ከፈተለት። በአካባቢው ከነባሩ ቤተ ክርስቲያን ተለይተው የሚሰበሰቡ ወደ 600 የሚሆኑ ምእመናን ነበሩ፤ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ተከተሉት። በሞርሞን ታሪክ እንደዚያ ዘመቻ ፍሬ ያፈራ ስብከት ጥቂት ነው።

የዚያ ዓመት ዋጋ ግን ቤቱ ውስጥ ተከፈለ። የመጀመሪያ ልጁ ሣራ ኤማ በሁለት ዓመቷ ሞተች። አባቷ መርዶውን የሰማው ከወራት በኋላ፣ ከባሕር ማዶ በመጣ ደብዳቤ ነው። ዘመድ ሲሞት በሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ መርዶ መቀበል ምን እንደሆነ ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች ብዙዎቹ ያውቁታል።

ዉድረፍ ከስልሳ ዓመት በላይ ማስታወሻ ጽፏል። ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ፣ ስንት ሰው እንዳጠመቀ፣ ማን ምን እንደሰበከ፣ ምን እንደተከለ ሁሉ በዝርዝር አስቀምጧል። ዛሬ የሞርሞንን የመጀመሪያ ዘመን ታሪክ የሚያጠና ሰው የእሱን ማስታወሻ ሳይገልጥ አያልፍም።

በ1844 ጆሴፍ ስሚዝ በኢሊኖይ፣ ካርቴጅ እስር ቤት ውስጥ እያለ ሕዝብ ተነስቶ ገደለው። ተከታዮቹ በብሪገም ያንግ መሪነት ምድረ በዳውን አቋርጠው ወደ ምዕራብ ተሰደዱ። ሐምሌ 24 ቀን 1847 ያንግ በትኩሳት ታሞ ተኝቶ ወደ ሶልት ሌክ ሸለቆ የገባው በዉድረፍ ሠረገላ ነበር። ዉድረፍ በዚያው ዕለት እህል ሳይቀምስ የያዘውን ድንች ተከለ። ሰውየውን ይህ ይገልጸዋል፤ ራእይ የሚያይ ሰው ነው፣ ግን መጀመሪያ ድንቹን ይተክላል።

ትእዛዙና ሕጉ

ብዙ ሚስት የማግባቱን ልማድ ጆሴፍ ስሚዝ በምስጢር ጀምሮት ነበር። በአደባባይ የታወጀው በ1852 ነው። አሳቡ የተመሠረተው በእነ አብርሃምና በእነ ያዕቆብ ታሪክ ላይ ነው። ጋብቻ ለዘላለም ነው፣ በቤተ መቅደስ የታሰረ ቤተሰብ ከሞት በኋላም አይፈርስም ብለው ያስተምሩ ነበር፤ ብዙ ሚስት ማግባትም የዚህ ትምህርት አካል ሆነ። ዉድረፍ ከ1846 ጀምሮ ተጨማሪ ሚስቶች አገባ፤ በሕይወቱ ከ30 በላይ ልጆች ወልዷል። ፊቢ ነገሩን መጀመሪያ ስትሰማ ክፉኛ ተቃውማው እንደነበር በኋላ ራሷ ተናግራለች። ቆይታ ግን ተቀብላ በአደባባይ ተሟግታለታለች። ሁሉም ትዳር ሰላም አልነበረውም፤ ከሚስቶቹ የተፋቱትም አሉ።

ዩታ በዚያን ጊዜ ክፍለ ግዛት አልነበረችም። በዋሽንግተን የምትተዳደር ግዛት ስለነበረች ኮንግረስ እንደፈለገ ሕግ ሊያወጣላት ይችል ነበር፤ አወጣም። በ1862 ከአንድ በላይ ማግባት በሕግ ተከለከለ። ሞርሞኖች ይህ የሃይማኖት ነጻነታችንን ይጥሳል ብለው ተከራከሩ። በ1879 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደባቸው፦ ሕገ መንግሥቱ እምነትን ይጠብቃል፣ በእምነት ስም የሚፈጸምን ማንኛውንም ድርጊት ግን አይጠብቅም ሲል ወሰነ። በ1882 ደግሞ ሌላ ሕግ መጣ። ከአንድ በላይ ሴት ጋር አብሮ መኖር ብቻውን እስከ ስድስት ወር እስራትና እስከ 300 ዶላር የሚያስቀጣ ወንጀል ሆነ፤ ዐቃቤ ሕግ ጋብቻውን ማስረዳት አላስፈለገውም። ብዙ ሚስት ያላቸው ሰዎች የመምረጥ መብታቸውንም አጡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ1 ሺህ በላይ ወንዶች ታሰሩ። መሪዎቹ ተደበቁ።

ዉድረፍም በሰባ ስምንት ዓመቱ ተደባቂ ሆነ። አብዛኛውን ጊዜ በደቡብ ዩታ በሴንት ጆርጅ አካባቢ ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወረ ኖረ። ደጅ ወጥቶ አትክልት ለመኮትኮት የሴት ቀሚስና ቆብ ያደርግ እንደነበር ያስጠለሉት ሰዎች ተርከዋል።

ኅዳር 1885 ፊቢ ሞተች። ከአርባ ስምንት ዓመት በላይ አብራው የኖረች፣ በስደቱም በረሃቡም ያልተለየችው ሚስቱ ናት። ማርሻሎቹ ይጠብቁት ስለነበር ቀብሯ ላይ መገኘት አልቻለም። ሶልት ሌክ ውስጥ በአንድ የቤተ ክርስቲያን ቢሮ ተደብቆ፣ አስከሬኗን የያዘው ሰልፍ ሲያልፍ በመስኮት ተመለከተ። ለእኛ ቀብር ላይ አለመቆም ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ያን ቀን ያንን ዋጋ የከፈለ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ትእዛዙን ራሱ ያቆማል ብሎ የሚገምት አልነበረም።

የመጨረሻው ጥግ

በ1887 ፕሬዚዳንቱ ጆን ቴይለር በተደበቀበት ቤት ሞተ። መሪነቱ በዕድሜ ሹመት ወደ ዉድረፍ ደረሰ። በዚያው ዓመት ኮንግረስ ከሁሉም የከፋውን ሕግ አወጣ። ቤተ ክርስቲያኑ በሕግ የነበረው ሰውነት ፈረሰ። ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ያለው ንብረቱ እንዲወረስ ተወሰነ። የድኾች ስደተኞችን ጉዞ ይሸፍን የነበረው ገንዘብ ማኅበር ተዘጋ። ከ1870 ጀምሮ ይመርጡ የነበሩት የዩታ ሴቶች ድምፃቸው ተነጠቀ። ቤተ ክርስቲያኑ ለገዛ ግቢው ለመንግሥት ተቀባይ ኪራይ መክፈል ጀመረ።

ዉድረፍ በመጀመሪያ አልበገር አለ። በኅዳር 1889 ለፍርድ ቤት ቃል እንዲገባ በተገፋፋ ጊዜ ጸለየ፤ ለጠላት ቃል እንዳይገባ የሚያዝ ራእይ መጣልኝ ብሎም ጻፈ። ይህን ልብ በሉ። ከአሥር ወር በኋላ የሆነውን የሚያከብደው ይህ ነው።

በ1890 በሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። በየካቲት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአይዳሆ የሞርሞኖችን ድምፅ የሚከለክለውን ሕግ አጸና። በግንቦት የ1887ቱን ሕግ፣ ንብረት መውረሱን ጭምር፣ አጸና። በኮንግረስም ብዙ ሚስት ያላቸውን ብቻ ሳይሆን አባል የሆነን ሁሉ ከምርጫ የሚያግድ ረቂቅ ቀረበ። በበጋው መጨረሻ ደግሞ እስከዚያ ያልተነኩት ቤተ መቅደሶች ሊወሰዱ እንደሆነ ተሰማ።

ለሞርሞን ቤተ መቅደስ የእሑድ ስብሰባ የሚደረግበት ቤት አይደለም። ጋብቻ ለዘላለም የሚታሰርበት፣ ሕያዋን ስለ ሙታን የሚጠመቁበት ቦታ ነው። ወንጌልን ሳይሰማ የሞተ አያት ቅድመ አያት የሚድነው በዚያ በሚደረግለት ሥርዓት ነው ብለው ያምናሉ። ዉድረፍ ደግሞ የዚህ ሥራ ሰው ነበር። በ1877 የተከፈተው የሴንት ጆርጅ ቤተ መቅደስ የመጀመሪያ ኃላፊ እሱ ነው፤ በዚያ ለብዙ ሟች ዘመዶቹ ሥርዓት አስፈጽሟል። የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ ለፈረሙት ሰዎች ሳይቀር የሙታን ጥምቀት አስደርጓል።

ስለዚህ በዚያ መስከረም ፊቱ የቆመው ምርጫ በእምነትና በመንግሥት መካከል ብቻ አልነበረም። በእምነቱ ውስጥ ባሉ ሁለት ምሰሶዎች መካከል ነበር። ብዙ ሚስት ማግባትን ይዞ ቢቀጥል ቤተ መቅደሶቹ ይወረሳሉ፣ መሪዎቹ ይታሰራሉ፣ የሕያዋኑም የሙታኑም ሥርዓት ይቆማል። ቢተወው እሱና ወገኖቹ የታሰሩለትን፣ ፊቢን በመስኮት የሸኘበትን ነገር በገዛ እጁ ያቆማል።

በመስከረም መጀመሪያ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄዶ ከወዳጆችና ከፖለቲካ ሰዎች ጋር ተማከረ። ሲመለስ ሌሊቱን በጸሎት አደረ። መስከረም 24 ቀን ለአማካሪዎቹ አንድ ጽሑፍ አቀረበ፤ እነሱም አርመው ለጋዜጦች ላኩት። ማኒፌስቶ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ነው። ቋንቋው ቁጥብ ነው። ትምህርቱ ስሕተት ነበር አይልም። ለሕጉ ለመገዛት እንደወሰነ፣ አባላቱም ሕጉ ከሚከለክለው ጋብቻ እንዲቆጠቡ እንደሚመክር ይገልጻል። ጥቅምት 6 ቀን በጉባኤ ተነቦ ድምፅ ተጠየቀበት፤ ጸደቀም። እጃቸውን ሳያነሡ በዝምታ የተቀመጡም ነበሩ።

በቀጣዩ ዓመት ዉድረፍ በየከተማው እየዞረ ለተከፉት አስረዳ። እግዚአብሔር ማኒፌስቶው ባይወጣ ምን እንደሚሆን በራእይ አሳየኝ አለ፦ ቤተ መቅደሶቹ ሲወሰዱ፣ መሪዎችና የቤተሰብ አባቶች ሲታሰሩ፣ ሥራው ሁሉ ሲቆም። እንግዲህ ቁልፉ ይህ ነበር። በትናንቱ ነቢይ የታዘዘን ነገር የሚያስቆመው የዛሬው ነቢይ ብቻ ነው። በሌላ እምነት ጉባኤ ተጠርቶ፣ መጻሕፍት ተመርምረው፣ ሊቃውንት ተከራክረው ምናልባት መቶ ዓመት የሚፈጀው ጉዳይ እዚያ በአንድ ሌሊት ጸሎት ተወሰነ።

በአንድ ቀን ያልለወጠ ለውጥ

ውጤቱ ታየ። በ1893 ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን ምሕረት አወጀ። በዚያው ሚያዝያ አርባ ዓመት የፈጀው የሶልት ሌክ ቤተ መቅደስ ተመረቀ፤ የባረከው ዉድረፍ ነበር። የተወረሰው ንብረት ቀስ በቀስ ተመለሰ። ጥር 4 ቀን 1896 ዩታ ክፍለ ግዛት ሆነች፣ ሴቶቿም ድምፃቸውን መልሰው አገኙ። በዚያው ዓመት መጋቢት 1 ቀን ዉድረፍ 89 ዓመት ሞላው። ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ነው፤ አባቶቻችን አድዋ ላይ የዋሉበት።

ግን ታሪኩን አሳምረን ብቻ ብንተርከው እውነቱን እንሸፍናለን። ማኒፌስቶው ቀድሞ የተጋቡትን በሚመለከት ግልጽ አልነበረም። ዉድረፍ በፍርድ መድረክ ቀርቦ ክልከላው አብሮ መኖርንም ይጨምራል ብሏል፤ በውስጥ ግን ባሎች ሚስቶቻቸውንና ልጆቻቸውን እንዳይጥሉ አሳስቧል። አዲስ ጋብቻም በአንዳንድ መሪዎች ፈቃድ በሜክሲኮ፣ አንዳንዴም በአሜሪካ ውስጥ በምስጢር ቀጠለ። በምክር ቤት ምርመራ ነገሩ ሲጋለጥ ቤተ ክርስቲያኑ በ1904 ሁለተኛ ማኒፌስቶ ለማውጣት ተገደደ፤ ያልተቀበሉ ሁለት ሐዋርያት ከሥልጣን ወረዱ። አንዱ ተደብቆ የሞተው የፕሬዚዳንት ጆን ቴይለር ልጅ ነበር። ከዚያም ትተናል ማለትን ክህደት ያሉ ወገኖች ተገንጥለው ዛሬም ብዙ ሚስት እያገቡ ይኖራሉ።

ዉድረፍ በ1894 ሌላም ነገር ለውጧል። እስከዚያ ብዙ ሰው በቤተ መቅደስ ራሱን እንደ ልጅ የሚያስረው ከእምነቱ መሪዎች ጋር ነበር። ዉድረፍ ይህን አስቁሞ እያንዳንዱ ሰው ከገዛ እናት አባቱ ጋር እንዲታሰር፣ የዘር ሐረጉንም እስከሚችለው ድረስ እንዲቆጥር አዘዘ። በዚያው ዓመት የዘር ሐረግ ማኅበር ተቋቋመ። ዛሬ በመላው ዓለም ሰው በነጻ ቤተ ዘመዱን የሚፈልግበት ፋሚሊሰርች የዚያ ማኅበር ወራሽ ነው። ብዙ ሚስት ማግባት የለቀቀውን ቦታ አያት ቅድመ አያት መቁጠር ሞላው ማለት ይቻላል።

በሩ ያልተከፈተላት ሴት

እኛን በቀጥታ የሚነካን ምዕራፍ ግን ይህ ነው። ጄን ማኒንግ ጄምስ እንደ ዉድረፍ በኮኔቲከት የተወለደች ጥቁር ሴት ናት። በ1840ዎቹ ቤተሰቧን ይዛ ረጅሙን መንገድ በእግሯ ተጉዛ ወደ ጆሴፍ ስሚዝ ከተማ መጣች፣ በቤቱም ሠራች። በ1847 ሶልት ሌክ ከገቡት የመጀመሪያ ጥቁሮች አንዷ ነበረች። ብሪገም ያንግ ግን በ1852 ጥቁሮች ክህነት አይቀበሉም ብሎ አወጀ፤ የቤተ መቅደሱም በር ተዘጋባቸው።

ጄን ለዓመታት ደጅ ጠናች። ዉድረፍንም ለመነችው። ፈቃደኛ አልሆነም። በ1894፣ እሱ ቤተሰቦች እንዲታሰሩ ባዘዘበት በዚያው ዓመት፣ ለጄን የተደረገላት ለጆሴፍ ስሚዝ ለዘላለም አገልጋይ ሆና መታሰር ነበር። ሥርዓቱ ሲፈጸም እንኳ እንድትገባ አልተፈቀደላትም፤ በእሷ ቦታ ሌላ ሴት ቆመች። በ1908 ስትሞት ጥያቄዋ አልተመለሰም።

ያ በር የተከፈተው በሰኔ 1978፣ በፕሬዚዳንት ስፔንሰር ኪምቦል ዘመን፣ ልክ እንደ 1890ው በራእይ ስም ነው። መንገዱ ለዉድረፍም ክፍት ነበር። ቁልፉ በእጁ ነበር። ልዩነቱ ማርሻሎች ስለ ጄን በር አለማንኳኳታቸው ነው።

ማጠቃለያ

ዉድረፍ መስከረም 2 ቀን 1898 በሳን ፍራንሲስኮ በ91 ዓመቱ ሞተ። ሲጀምር በጥቂት ሺህ የሚቆጠር የነበረው እምነት ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ17 ሚሊዮን በላይ አባላት እንዳሉት ይገልጻል።

እንግዲህ ሃይማኖት ራሱን አሻሽሎ ከዘመን ጋር መኖር ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ የዉድረፍ ሕይወት ሁለት መልስ አለው። ይችላል፤ ግን የሚችለው የትኛው ምሰሶ፣ የትኛው ግድግዳ እንደሆነ የሚለይ መሪ ሲያገኝ፣ ለመለወጥም ከራሱ ትምህርት ውስጥ መንገድ ሲኖረው ነው። ዉድረፍ ያሸነፈው ከውጭ አዲስ አሳብ አምጥቶ አይደለም፤ በእምነቱ ውስጥ የነበረውን አንዱን ቅዱስ ነገር ለሌላው ቅዱስ ነገር ሲል ስለተወ ነው። ሁለተኛው መልስ ግን ያሳፍራል። ግዴታ ሲመጣ የተገኘው ራእይ ግዴታ በሌለበት ሰማንያ አራት ዓመት ዘገየ።

በሰው አገር ሆነን የአባቶቻችንን እምነት ይዘን ለምንኖር ሁሉ፣ የየትኛውም ቤተ እምነት ልጆች ብንሆን፣ የሚቀርልን ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። ማርሻል በር ሲያንኳኳ ማን መልስ እንደሚሰጥ ታሪክ ነግሮናል። ጄን ስታንኳኳስ?